መቶ ሰው ገብቶ አራት ሰው የሚጫወትበት ጌም

ጥያቄው፦ «ሰላም። እኔና የካምፓስ ጓደኞቼ ቴሌግራም ላይ በአማርኛ የፋንታሲ ጌም እንጫወታለን። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ካራክተር አለው፣ ታሪኩን የምመራው እኔ ነኝ፣ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ነው። ስድስት ሆነን ጀምረን ሁለቱ ወጡ፣ አራት ቀረን። አዲስ ተጫዋች ለማግኘት ሊንኩን በየግሩፑ ለጠፍኩት። ከመቶ ሰው በላይ ገባ፣ የሚጫወት ግን አንድም የለም። ብር ከፍዬ ትልልቅ ቻናሎች ላይ ላስተዋውቅ? ወይስ ጌሙ ራሱ ነው ለእኛ አገር ሰው የማይሆነው? የምኖረው አራት ኪሎ ነው፣ ሥራዬ ካዛንቺስ።»

ወንድሜ፣ ብርህን ያዝ። ማስታወቂያ አላነሰህም። መቶ ሰው ሊንክ ተጭኖ ከገባ ለማየት ጓጉቷል ማለት ነው። ጌሙም ለእኛ ሰው ይሆናል፣ እመለስበታለሁ። ችግርህ ያለው ከመግባት እስከ መጫወት ባለው መሃል ነው። እነዚህን ጨዋታዎች ማጫወትና አጫዋቾችን፣ እንዳንተ ታሪኩን የሚመሩትን፣ ማማከር ሥራዬ ብዬ ከያዝኩ ቆይቻለሁ። የሚመጣልኝ ጥያቄ አብዛኛው ካንተ ጋር አንድ ነው።

እስቲ አዲስ የገባውን ሰው አስበው። ከሥራ ወጥቶ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሟል። ሊንኩን ነካ፣ ገባ። ያልተነበበ መልእክት በሺህ የሚቆጠር። ከላይ ፒን የተደረገ ፒዲኤፍ፦ «ከመጀመርዎ በፊት ሙሉውን ያንብቡ»። ዝቅ ሲል ልጆችህ ያወራሉ። «የድልድዩን ነገር ደግሞ እንዳታመጣብን!» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። የቱ ድልድይ? አያውቅም። «ሰላም» ብሎ ጻፈ። አንዱ ልብ አደረገለት። ሌላው «እንኳን ደህና መጣህ፣ ካራክተር ሥራና ላክ» አለው። ካራክተር እንዴት እንደሚሠራ የሚነግረው የለም። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ግሩፑን ሚዩት አድርጎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። መቶውም የቀሩብህ እዚህች ጋ ነው።

ስለዚህ ለአዲስ ሰው የምትሰጠው ወንበር ይሁን። ቀንና ሰዓት ያለው፣ እሱ ካልመጣ ባዶነቱ የሚታወቅ ወንበር። በተቀመጠ በሩብ ሰዓት ውስጥ ደግሞ አንድ ነገር ይወስን፣ ውሳኔው ታሪኩን ሲቀይረውም ይይ። ይህን ያየ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ያላየ ሰው ግሩፑ ውስጥ ዓመት ቢቀመጥም ቁጥር ብቻ ነው።

ከማስታወቂያው እንጀምር። ብዙ አጫዋች የሚለጥፈው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ «ሰላም የግሩፑ አባላት፣ አሪፍ የአማርኛ ፋንታሲ ጌም ጀምረናል፣ ሊንኩን ተጭናችሁ ተቀላቀሉ»። ይህ አንባቢውን ምንም አያሳስበውም። በዚህ ፋንታ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦

«ሐሙስ ከምሽቱ 2:30። ዋሻ ውስጥ ነህ። ፋኖስህ ላምባ እየጨረሰ ነው። ከወንዙ ማዶ አንድ ሰው በስምህ ጠራህ። እዚህ እንደምትመጣ ግን ለማንም አልተናገርክም። ምን ታደርጋለህ? መልስህን በኢንቦክስ ላክልኝ። ሦስት ሰው ብቻ ነው የምፈልገው። ብር አያስከፍልም፣ ብርም አያስገኝም።»

ሊንክ የለውም፣ ልብ በል። የሚመልስልህ ሰው ሳያውቀው የመጀመሪያ ተራውን ተጫውቷል። «ፋኖሱን አጥፍቼ ድምፁ ከየት እንደሆነ አዳምጣለሁ» ብሎ የጻፈልህን ሰው እጁን ይዘህ አስገባው። «እገድለዋለሁ» ብቻ ያለህንም ቶሎ አትጣለው። «በምን? ማን መሆኑን ሳታይ?» ብለህ መልሰህ ጠይቀው፣ ብዙዎቹ እዚህ ጋ ይነቃሉ። ለሁሉም በዚያው ቀን ሁለት ዓረፍተ ነገር መልስላቸው፣ ያደረጉት ነገር ምን እንዳስከተለ። ከነገ በኋላ የመጣ መልስ ዋጋው ግማሽ ነው።

የመጨረሻዋን የብር ዓረፍተ ነገር በከንቱ አልጨመርኳትም። በ2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በእሱ ናቸው) ኖትኮይንና ሀምስተር ኮምባት ከመጡ ወዲህ፣ ቴሌግራም ላይ ጌም ሲባል ሳንቲም መታ መታ የሚደረግበት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እሱን ጠብቆ የመጣ ሰው ካንተ ጋር አይቆይም። ከበር ላይ ማወቁ ለሁለታችሁም ይሻላል።

ሰዓቱን ስትጽፍ «ከምሽቱ» የምትለዋን አትተዋት። ውጭ አገር ያለ ወዳጅ የምትጠራ ከሆነ ደግሞ የሱን ሰዓት ራስህ አስልተህ ንገረው። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ወደኋላ ናት። የኛ ምሽት 2:30 ለነሱ የሥራ ቀን እኩለ ቀን ነው። እነሱ ካሉ ቅዳሜ ወይም እሑድ አድርገው።

አሁን ወደ «ለእኛ ሰው አይሆንም» እንምጣ። በዚህ በጣም አልስማማም። እንዲህ የሚባለው ነገሩ በማይገባ ቋንቋ ስለሚነገር ነው። ፕሌይ ስቴሽን ቤት ኳስ የሚጫወት ልጅ ማብራሪያ አይፈልግም፣ ስክሪኑን አይቶ ይገባዋል። ያንተ ጌም ስክሪን የለውም። ስለዚህ ሰው ሲጠይቅህ «ሮል ፕሌይ» ብለህ አትጀምር። «ልጅ ሆነን እቃቃ ስንጫወት አንቺ እናት፣ አንተ ባለሱቅ እንባባል የለ? እሱ ነው፤ እዚህ ግን ዳይስና ዳኛ አለ» በለው። ይህን ሰምቶ ያልገባው ሰው ገጥሞኝ አያውቅም።

በጽሑፍ መሆኑንም የድህነት ነገር አድርገህ አትቁጠረው። የዚህ ጨዋታ አባት የሚባለው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 አሜሪካ ሲያወጡት በወረቀት፣ በእርሳስና በወሬ ነበር የሚኬደው። በ1978 ደግሞ እንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሮይ ትሩብሾውና ሪቻርድ ባርትል ሙድ የተባለውን ጨዋታ ሠሩ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በኮምፒዩተር የሚገባበት ምናባዊ ዓለም ነው። አንድም ሥዕል አልነበረውም፣ ሁሉም ጽሑፍ ነው። ዛሬ በግራፊክስ የሚያብረቀርቁት የኦንላይን ጨዋታዎች ከዚያ መስመር የመጡ ናቸው። ለኛ ከተማ ደግሞ ጽሑፍ ትልቅ ጥቅም አለው። ዳታ አይበላም። ትንሽ የቀን ጥቅል የገዛ ተማሪ ምሽቱን ሙሉ ይጫወትበታል። ይህን ማስታወቂያህ ላይ በግልጽ ጻፈው፣ ሰው ይስበዋል።

ታሪክስ ቢሆን የትኛው አገር ነው እንደኛ የሞላው? ከአክሱም ነገሥታት በፊት ሰው የሚገብርለት አርዌ የሚባል ዘንዶ ነበር ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ባሌ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ የወይብ ወንዝ በውስጡ ያልፋል። ከላይ ለምሳሌ የጻፍኩት ዋሻ ቅርጹ ከእሱ የተወሰደ ነው። ስሙን ያልጠራሁት ቦታው ሰው የሚሳለመው ስለሆነ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ እንቆቅልሽ የሚጠይቅ በር አስገባሁ። በሩ «እንቆቅልህ» ይላል፣ ተጫዋቾቹ «ምን አውቅልህ» ይላሉ። መልሱን ካጡ በሩ «አገር ስጡኝ» ይላቸዋል። የእውነት ይሰጣሉ! ከካርታቸው ላይ አንድ ከተማ ይመርጣሉ፣ ያ ከተማ ከዚያ ምሽት ጀምሮ የዘንዶው ነው። ያን ምሽት አንዲት አዲስ ተጫዋች የራሷ ካራክተር እናት የምትኖርበትን ከተማ ላለመስጠት ከሁሉም ጋር ተከራክራ አሸነፈች። ሕጉን ገና አንድ ገጽ አላነበበችም ነበር።

ሰው የት ይገኛል? ያው ባርትል በ1996 በጻፈው ጥናት ተጫዋቾችን በአራት ከፍሏቸዋል፦ ነጥብና ማዕረግ የሚሰበስቡ፣ ዓለሙን ማሰስ የሚወዱ፣ ከሰው ጋር ለመጨዋወት የሚመጡ፣ ሌላውን ለመጣል የሚመጡ። በጽሑፍ የሚካሄድ ትንሽ ጌም ውስጥ የሚሰነብቱት ሁለተኛዎቹና ሦስተኛዎቹ ናቸው። በዚህ ምክንያት ጌም ቤት ሄደህ ተጫዋች አትፈልግ እላለሁ። እዚያ ያለው ልጅ አጠገቡ የተቀመጠውን ለማሸነፍ ነው የመጣው፣ ጥሩም ያደርጋል። ያንተ ሰው ሌላ ቦታ ነው ያለው። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ልብ ወለድ ይዞ የሚያመሸው፣ ግጥም በጃዝ ሲኖር ቀድሞ የሚደርሰው፣ ካምፓስ ውስጥ የቴአትር ክበብ አባል የሆነው፣ አኒሜ አይቶ ስለ መጨረሻው ሳምንት ሙሉ የሚከራከረው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወሬ ሲያወራ ሰው የሚያስቅ፣ ድምፅ እየቀያየረ የሚተርክ ጓደኛ አለህ፤ ጌም ተጫውቶ አያውቅም ይሆናል። ከእሱ ጀምር። አራት ኪሎ ላይ መኖርህ ዕድል ነው፣ አራት፣ አምስትና ስድስት ኪሎ ያሉት ካምፓሶች ሁሉም በእግርህ ይደረሳሉ።

በአካል መጋበዝን አትናቅ። ጌሙ ኦንላይን ነው ብለህ ግብዣውንም ኦንላይን ብቻ ማድረግ የለብህም። ሁለት ሰው ማኪያቶ ጋብዘህ ያቺኑ የዋሻ ታሪክ በቃልህ አጫውታቸው፣ ዳይሱን በስልክህ ይወርውሩ። ፊትህን ያየ ሰው ሐሙስ ማታ ይመጣል። ሳይመጣ ቢቀር እንኳ ደውሎ ይነግርሃል።

ካዛንቺስ እሠራለሁ ስላልከኝ አንድ ነገር ልጨምር። የፒያሳና የካዛንቺስ ሰፈሮች ሲፈርሱ ብዙ ጀለሶች ተበታትነዋል። ገላን ጉራ የገባ አለ፣ ሌላ ዳር የሄደ አለ። ድሮ ማታ ማታ ሰፈር በር ላይ ቆመው ያወሩ የነበሩ ልጆች አሁን የሚገናኙት ለቅሶና ሠርግ ላይ ነው። እንዲህ ላሉ ልጆች በሳምንት አንድ ምሽት አብሮ ታሪክ መጫወት ትልቅ ነገር ነው። አንዱን ስትጋብዝ «የድሮ የሰፈር ጓደኛህን ይዘህ ና» በለው። ተያይዞ የመጣ ሰው ብቻውን ከመጣ ሰው ይልቅ ይቆያል።

ወደ መጀመሪያው ምሽት እንግባ፣ ዋናው ይሄ ነው። አዲሶቹን የቆየው ታሪካችሁ ውስጥ አታስገባቸው። በአንድ ምሽት የሚያልቅ፣ አንድ ሰዓት ተኩል የማይበልጥ ለብቻው የሆነ ታሪክ አዘጋጅ። ካራክተር አታሠራቸው፣ የተዘጋጀ ስጣቸው። ለአንድ ካራክተር ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለምሳሌ፦ «ወለተ፣ የሲራራ ነጋዴ ነሽ፣ አሞሌ ጨው ትነግጃለሽ። ሰው ሲዋሽ ታውቂያለሽ። ከዚህ በፊት አብሮሽ የተጓዘውን ሰው በረሃ ላይ ጥለሽው መጥተሻል፣ ማንም አያውቅም።» ሙያ አላት፣ የምትችለው ነገር አላት፣ የምትደብቀው ነገር አላት። ተጫዋቿ ስሟን ብትቀይር ትቀይረው፣ ቀሪውን እየተጫወተች ታገኘዋለች።

ሕጉም ቀላል ይሁን። ቴሌግራም ራሱ ዳይስ አለው፣ የዳይሱን ምልክት ስትልክ ይንከባለላል። ቁጥሩን የሚያወጣው ሰርቨሩ ስለሆነ «አጭበርብረሃል» የሚል ክርክር የለም። 5 ወይም 6 ከመጣ ተሳካ፣ 3 ወይም 4 ከመጣ ተሳካ ግን ዋጋ አስከፈለ፣ 1 ወይም 2 ከመጣ አልተሳካም፣ ነገሩም ባሰ። በቃ። ባለሃያ ገጹ ዳይስና ሙሉው የነጥብ ሥርዓት ለቆዩት ይሁን። ሙሉ ሕግ በአማርኛ ማዘጋጀት ካማረህ ደግሞ የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ መሠረታዊ ሕግ 5.1 ቅጂ ከጥር 2023 ጀምሮ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ተለቋል። ምንጩን እስከጠቀስክ ድረስ መተርጎምም ማሳተምም ትችላለህ።

በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ይወስኑ። ዝም ያለ ሰው ካለ ለሁሉም «ምን ታደርጋላችሁ?» አትበል፣ በካራክተሩ ስም ጥራው። «ወለተ፣ ይህ ሰውዬ አሁን ያለው ውሸት ነው። አንቺ ብቻ ነሽ የሰማሽው። ምን ትያለሽ?» ፊደል መተየብ የሚከብደው ካለም በላቲን ይጻፍልህ፣ አታርመው።

የግሩፑን ነገር ባጭሩ። የጨዋታውን ግሩፕ ፕራይቬት አድርገው፣ የድሮ መልእክት ለአዲስ ገቢ እንዳይታይ የሚያደርግ ማስተካከያ አለው፣ እሱን አብራው። ሊንክ ስትፈጥር በስንት ሰው እንደሚዘጋ መወሰን ትችላለህ፣ በሦስት ዝጋው። ፒዲኤፉን ከፒን አንሳ። አንድ አጭር መልእክት ብቻ ይኑር፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ያንተ ስም።

የሴት ልጆች ነገር ግን ባጭሩ የሚታለፍ አይደለም። አንዲት ልጅ አዲስ ግሩፕ ገብታ ገና «ሰላም» ሳትል ኢንቦክሷ ይሞላል። ከዚያ ወጥታ ትሄዳለች፣ አንተ «ሴቶች ጌም አይወዱም» ብለህ ትደመድማለህ። ሕጉን ከመጀመሪያው ቁረጠው፦ ከአጫዋቹ በቀር ማንም ተጫዋች ሳይፈቀድለት የሌላውን ተጫዋች ኢንቦክስ አይገባም። የጣሰ፣ የልብ ጓደኛህም ቢሆን፣ ይወጣል። ይህን አንድ ጊዜ በተግባር ያዩ ሴቶች ጓደኞቻቸውን ይዘው ይመጣሉ። ስልክ ቁጥራቸው እንዳይታይ ማድረግ እንደሚችሉም ለሁሉም አዲስ ገቢ ንገር። ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑትን ከአዋቂዎች ጋር አታቀላቅል፣ ቤተሰባቸውም ይወቅ።

ቤተሰብ ካነሳን፣ «ይሄ ጥንቆላ ነው እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይመጣብሃል። አትናደድ። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥም ወላጆች ይህንኑ ጨዋታ ከሰይጣን አምልኮ ጋር አያይዘው ብዙ ጮኸዋል። ጥያቄው ከፍቅርና ከስጋት ነው የሚመጣው፣ አክብረህ መልስ። የተጻፈውን አሳያቸው፣ የሚደበቅ ነገር የለውም። አስማት የማይፈልግ ተጫዋች ያለ አስማት መጫወት ይችላል። እውነተኛ ጸሎት፣ የቅዱሳንና የወልዮች ስም ጨዋታው ውስጥ አይግባ። በዐቢይ ጾምና በረመዳን ሰዓቱን አስተካክል፣ ካስፈለገም አቁም። የምትፈጥራቸውን መንግሥታትም በዛሬ ብሔርና ክልል አምሳል አትሥራቸው። ሰው ከዚያ ወሬ ለማረፍ ነው አንተ ጋ የሚመጣው።

መብራትና ኔትወርክም አለ። አዲስ ተጫዋች መሃል ላይ ሲጠፋ ስልኩ ዘግቶበት ሊሆን ይችላል። በነጋታው ግን ሃፍረት ይይዘዋል፣ «ሰው አስጠበቅኩ» ብሎ ላሽ ይላል። ስለዚህ ቀድመህ ተናገር፦ የጠፋ ተጫዋች ካራክተር ይተኛል፣ እስኪመለስ ምንም ክፉ ነገር አይደርስበትም። ሲመለስ የቀረውን በሁለት መስመር ንገረውና አስቀጥለው። ይህ ትንሽ ሕግ ያስቀረልኝን ተጫዋች ማስታወቂያ አምጥቶልኝ አያውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት «እንዴት ነበር?» ብለህ አትጻፍላቸው። «አሪፍ ነበር» ብለውህ ወሬው ያልቃል። ከታሪኩ ውስጥ የሆነ ነገር ላክላቸው፣ ለእያንዳንዳቸው የተለየ። «ከዋሻው ያወጣሃት ቁልፍ ሌሊቱን ትሞቅ ነበር። አሁንም ትሞቃለች።» ከዚያ ቀጣዩን ቀን ንገራቸው፣ ከሳምንት አይለፍ። ሦስት ሰው ጠርተህ ሁለቱ ከተመለሱ በጣም ጥሩ ነው። ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ ራሳቸው ከፈለጉ ወደ ዋናው ታሪክ ይሻገሩ። ያኔ ከአራቱ የቆዩ ልጆችህ አንዳንዱ የአንድ አዲስ ሰው አስተናጋጅ ይሁን፣ የድልድዩን ነገርም ይንገረው።

የከፈልክበት ማስታወቂያ የሚጠቅምህ ወንበር አልቆብህ ሰው ሲጠብቅ ነው። እስከዚያ ብር ማውጣት ካለብህ ዳታ ለጨረሰ ተማሪ ጥቅል በስጦታ ላክለት።

አንድ የማሳስብህ ነገር አጫዋቹ አንተ ብቻ መሆንህ ነው። አንተ ስትታመም ጌሙ ይታመማል። አንድ ሰው በጽሑፍ ከአምስት ስድስት ሰው በላይ በደንብ ማጫወት አይችልም፣ ስለዚህ የሚያጥርህ ተጫዋች ሳይሆን አጫዋች ነው። ከአራቱ አንዱ «እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር» እያለ ታሪክህን የሚያርም ልጅ ይኖራል። የሚቀጥለውን የአንድ ምሽት ታሪክ ለእሱ ስጠው፣ አንተ ተጫዋች ሆነህ ግባ። መሃል ላይ አትረዳው፣ ካለቀ በኋላ ተነጋገሩ።

የወጡትን ሁለቱን ልጆች ደግሞ ዛሬውኑ ደውልላቸው፣ ለምን እንደወጡ ጠይቃቸው። ሥራ ይዘው ሳይሆን ምሽቱ ረዝሞባቸው ወጥተው ከሆነ፣ ለዚህች የአንድ ሰዓት ተኩል ታሪክ ይመለሳሉ።